በሰኔ የተመረገ ግድግዳ

አሥራ አንድ ሰው ተጠርቷል። ቄሰ ገበዙ ተጠርተዋል፤ የእድሩ ዳኛ ተጠርቷል፤ በዕድሜው አንዲት ግድግዳ መርጎ የማያውቀው ባለወፍጮው ሙላቴ ሳይቀር በማኅተም ተጠርቷል። ፈንቴ ግን አልተጠራችም።

«እስቲ ድገሚው» አለች፣ ቁልቁለቱ ላይ የበቅሎዋን ልጓም ሳብ አድርጋ።

«እቴቴ፣ አራት ጊዜ አነበብኩልዎ'ኮ።» ውቢት የእህቷ ልጅ ናት። ኩዌት ሰባት ዓመት የሰው ቤት ስትወለውል ኖራ ከተመለሰች ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ጋሳይ ላይ የሞባይል ካርድና ሳሙና ትሸጣለች። የጥሪውን ደብዳቤ ሙላቴ እጅ ላይ አይታ በስልኳ ፎቶ ያነሣችው እሷ ናት። አሁን ከበቅሎዋ ጎን ጎን በላስቲክ ጫማ ጭቃውን እየቧጠጠች ትወርዳለች። «ስምዎ የለም። ቢደጋገም አይበቅልም።»

«ከጀርባው ይኖር ይሆናል።»

«ስልክ ነው እቴቴ። ጀርባ የለውም።»

«ጀርባ በሌለው ወረቀት ነዋ የምንተዳደረው።»

የሰኔ ሚካኤል ማግስት ነበር፤ ዘመኑ ሁለት ሺህ ዐሥር። ጉሙ ከጉና ጫፍ ወርዶ ድንች የተተከለበትን መደብ ሁሉ ውጦታል። ከፊት ያለው መንገድ የሚታወቀው በበቅሎዋ ጆሮ ነበር፤ ጆሮዋን ስትቀስር ገደል አለ ማለት ነው፣ ስትጥለው ደልዳላ። ፈንቴ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ፊደል አልቆጠረችም። በቅሎ ላይ ስትቀመጥ ግን ወገቧ እንደ ምሰሶ ቀጥ ይላል፤ መንገድ ላይ ያገኛት ሰው ሁሉ ቆሞ ካላሳለፋት ስሙን ለአንድ ዓመት በክፉ ታነሣዋለች።

«የታችኛውን ንገሪኝ» አለች። «ስለ ግድግዳው ያለውን።»

ውቢት ስልኳን ከዝናቡ በነጠላዋ ከልላ አነበበች። «‹የፊታውራሪ መርሶ የግብር አዳራሽ ግድግዳ በእርጅና ምክንያት አደጋ ላይ ስለሚገኝ፣ በተፈቀደው የቅርስ ጥገና ድጎማ ግድግዳው ፈርሶ በብሎኬት የሚሠራበትን፣ ሥዕሉም ተነቅሎ መጋዘን የሚገባበትን ሁኔታ ለመወሰን…›»

«በእርጅና» አለች ፈንቴ። «ያ ግድግዳ አያቴን ቀብሯል፣ እናቴን ቀብሯል። ዛሬ በሦስት ክረምት አረጀ?»

«እሺ፣ ሄደው ምን ሊሉ ነው? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሉዎታል።»

«ይበሉኛ።»

እንዲህ ትበል እንጂ እጇ ወደ መቀነቷ ሄዶ ቋጠሮውን ነካካ። ቋጠሮው ውስጥ መዳፍ የምታህል ጥቁር የወንዝ ድንጋይ አለች፤ አንድ ጎኗ በሦስት ሴቶች ዕድሜ ታሽቶ ታሽቶ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል።

የፊታውራሪ መርሶ አዳራሽ ደብረ ታቦር ከገበያው በላይ ባለው ጉብታ ላይ ሲሠራ የፈንቴ አያት እንጉዳይ ገና ልጃገረድ ነበረች። ፊታውራሪው ለነእንጉዳይ መንደር መሬት ሲሰጥ ግብሩን ማርና ሙክት አላደረገውም። የመንደሩ ሴቶች በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ወርደው የአዳራሹን ግድግዳ ይምረጉ ብሎ ደነገገ፤ ግብራቸው ይኸው ሆነ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ሦስት ሳምንት ይከርማል፤ ሽታው ሰው አላስጠጋ ሲል ደረሰ ይባላል። ከዚያ ይመረጋል፣ በእበት ይለቀለቃል፣ በድንጋይ ይታሻል። ክረምቱን ውሃ የጠጣ ግድግዳ በዚያ የጭቃ ልብሱ በኩል በጋውን ሙሉ እየተነፈሰ ይደርቃል። በስድሳ ሰባት የመሬቱ አዋጅ ሲታወጅ ግብሩ ቀረ። አዳራሹም የመንግሥት ሆነ፤ አንዴ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ አንዴ የእህል መጋዘን። ሴቶቹ ግን ጥቅምት በመጣ ቁጥር መውረዳቸውን አልተዉም። ባሎቻቸው «ማን አዘዛችሁ?» ሲሉ ሳቅ ብለው ዝም ይላሉ።

ያዘዛቸው ግድግዳው ላይ ነበር። አዳራሹ አልቆ ሠዓሊው ከጎንደር ሲመጣ፣ ሥዕሉ የሚሣልበትን አቡጀዲ ግድግዳው ላይ ሊለጥፍ ሙጫውን አፍልቶ ሳለ እንጉዳይ መጥታ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ «አልደረቀም» አለችው። አለቃ ነኝ ቢል፣ የፊታውራሪ እንግዳ ነኝ ቢል፣ «አልደረቀም» ነው መልሷ። ከጥቅምት እስከ ጥር መንደራቸው ተቀምጦ ሽሯቸውን ሲበላ ከረመ። ይሉኝታ ይዞት ነው መሰል፣ ፊታውራሪው ግብር ሲያበላ በሚያሳየው ሥዕል ግርጌ፣ ከመኳንንቱና ከአሳላፊዎቹ በታች፣ ሰባት ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጭቃ ሲረግጡ ሣለ። በሠዓሊ ሕግ ክፉ ሰው በጎን ሆኖ በአንድ ዓይን ይሣላል፤ ደግ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን። ሰባቱም በሁለት ዓይን ነበር የተሣሉት። ከዳር የመጀመሪያዋ እንጉዳይ ናት። ፈንቴ አያቷን በሕይወት አላየቻትም፤ መልኳን የምታውቀው ከዚያ ሥዕል ነው።

ጋሳይ ሲደርሱ በቅሎዋን ዘመድ ቤት አስረው ሚኒባስ ተሳፈሩ። ውቢት ከጎኗ ካለ ተሳፋሪ ጋር ስለ ሳሙና ዋጋ ስታወራ ፈንቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ይህን መንገድ እንዲህ በሰኔ የመጣችበት ሌላ ቀን ነበር፤ የዛሬ ሦስት ዓመት።

አዳራሹ በቅርስነት ተመዝግቦ ያለ ፈቃድ ማንም እንዳይነካው ከተባለ በኋላ ነው። ሁለት ጥቅምት ሴቶቹ ጭቃቸውን ይዘው ከበሩ ተመለሱ፤ ሁለት ክረምት ያልተመረገው ግድግዳም ይሰነጣጠቅ ጀመር። በሦስተኛው ዓመት ግንቦት ላይ የጥገና ድጎማ መጣ ተባለ። ፈንቴ ስድስት ሴቶች አስከትላ ወረደች። በአዳራሹ ግቢ ከሸራ ጥላ ሥር ካሳሁን የሚባል፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ዓመት ያልሞላው መሐንዲስ፣ ጠረጴዛ ዘርግቶ ሠራተኛ ይመዘግባል።

«የሙያ ማረጋገጫ አለዎት እማማ?»

«እጄ አለ።»

«እጅ አይመዘገብም።» ከኋላ ሰው ሳቀ። «ከፈለጉ ውሃ በማመላለስ በቀን ሠራተኝነት ልመዝግብዎ።»

ከአጥሩ ጥግ የሲሚንቶ ከረጢት ተከምሮ አየች። ነገሩ ገባት። የዓመቱ በጀት ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል፤ እስከዚያ ሥራ ላይ ያልዋለ ድጎማ ወደ መጣበት ይመለሳል። ጭቃ በሰኔ ዝናብ አይደርቅም፤ ሲሚንቶ ይደርቃል። የመቶ ዓመት ጭቃ በሃያ ቀን ሲሚንቶ ሊለብስ ነው።

ማምሻውን ደግሞ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። እሱን ፈንቴ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለውቢትም፣ ለነፍስ አባቷም።

*

«አንቺ ፈንቴ፣ ስምሽ ከዝርዝሩ የለም» አለ የአዳራሹ ዘበኛ ይሻው። ዱላውን በሩ ላይ አጋድሞ፣ ራሱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቆሟል። በደርግ ጊዜ መጋዘኑን ሲጠብቅ የነበረ፣ ከእሷ በሁለት ዓመት ቢያንስ ነው።

«ያንተስ አለ?»

«እኔ ዘበኛ ነኝ።»

«እኔስ ምን ነበርኩ?»

ይሻው ትንሽ አሰበ። ከዚያ ዱላውን አነሣ።

ውስጡ ጨለም ያለ ነበር። የተጠሩት ሰዎች ግማሽ ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ በፊታቸው ካሳሁን ወረቀት ይዞ ያስረዳል። በሦስት ዓመት ውስጥ ቦርጭና ፂም አውጥቷል። ከጎኑ ድጎማውን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ከአዲስ አበባ የላካት ባለሙያ፣ ኤሌኒ የምትባል፣ ባትሪ እያበራች ሥዕሉን ትመረምራለች።

ፈንቴ ማንንም ሰላም ሳትል ባትሪው ያረፈበትን አየች። ከላይ ፊታውራሪው በዙፋኑ እንደተቀመጠ ነው፤ ዋንጫው፣ ሞሰቡ፣ የመኳንንቱ ጎፈር ሁሉ አለ። ከታች ግን አቡጀዲው ጠቁሮ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ከግድግዳው ተላቆ ተንጠልጥሏል። ውሃው ከመሬት ጀምሮ ወደ ላይ እየበላ የአሳላፊዎቹ ጉልበት ላይ ደርሷል። ሰባቱ ሴቶች የሉም። ጭቃው መሐል የአንዲቷ ተረከዝ ብቻ ቀርቷል፤ የማን እንደሆነ እንኳ አይለይም።

ሦስት ዓመት ሙሉ እግሯን እዚህ አላሳረፈችም ነበር። ሳይጠሩኝ አልሄድም ብላ። ሰባቱ ሲፈርሱ ማየት ትችል ነበር፤ አንድ ሁለቷን ማትረፍም ይቻል ነበር ይሆናል። አሁን የይሻውን ክንድ ያዘች።

«…እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ ግድግዳ ነው» ይላል ካሳሁን። «እርጅናና ተፈጥሯዊ እርጥበት ተደምረው…»

«መቶውን ዓመት ደርቆ ኖሮ ነው ሦስቱን የረጠበው?»

ሁሉም ዞረ። ባለወፍጮው ሙላቴ አንገቱን ቀበረ። ካሳሁን አየት አደረጋትና ቀለሙ ለወጥ አለ። «እማማ፣ ስብሰባው በጥሪ ነው።»

«አፍርሱኝ ብሎ የጠራችሁስ ግድግዳው ነው?»

ኤሌኒ ባትሪዋን ዝቅ አደረገች። «እርስዎ ማን ነዎት እናቴ?»

«እዚህ የነበረች ሴት የልጅ ልጅ ነኝ።» በጣቷ ባዶውን ግርጌ አሳየች። «ከዳር የመጀመሪያዋ።»

«አሁን እዚያ ሰው አይታይም።»

«አይታይም» አለች ፈንቴ።

ኤሌኒ ወደ ወረቀቷ ተመለከተች። ቁጡ ሴት አይደለችም፤ የሰው ገንዘብ በአደራ የያዘ ሰው ጥንቃቄ ግን ፊቷ ላይ ነበር። «ስሙኝ። እዚህ ቅጽ ላይ ‹የጉዳቱ ምክንያት› የሚል መስመር አለ። እርጅና ተብሎ ከተሞላ ግድግዳው ይፈርሳል፤ ደብዳቤው እንደሚለው ሥዕሉ መጋዘን ይገባል። መጋዘን የገባ ሥዕል ሲመለስ እኔ እስካሁን አላየሁም። ሌላ ምክንያት ካለ ደግሞ ማስረጃ ያስፈልገኛል። ሰው ስለተቆጣ ብቻ አልጽፍም።»

«ውጪ ነይ» አለቻት ፈንቴ።

ዝናቡ ወደ ካፊያ ተመልሶ ነበር። ሁሉም ተከትለው ወጡ። ፈንቴ ቋጠሮዋን ፈትታ ጥቁሯን ድንጋይ አወጣች፤ ሲሚንቶ የለበሰውን ግድግዳ ከላይ ወደ ታች መታ መታ እያደረገች ወረደች። በደረቷ ቁመት ላይ ድምፁ ድፍን ነበር። ከወገቧ በታች እንደ ባዶ ገንቦ አስተጋባ። ሰው ሁሉ ሰማው።

«ይሻው፣ ዶማህን አምጣ።»

«በቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ ዶማ አይነሣም» አለ ካሳሁን።

«እኔ ፈቅጃለሁ» አለች ኤሌኒ።

ይሻው አንዴ፣ ሁለቴ አሳረፈ። በሦስተኛው ሲሚንቶው እንደ ዳቦ ቅርፊት ገመስ ብሎ ወደቀ። ከኋላው ያለው ጭቃ ጥቁር ነበር፤ ውሃ ጠብ ጠብ አለ፣ የታፈነ ሽታ ወጣ፣ አንድ ቀይ ትል እየተንፏቀቀ መሬት ወረደ። ቄሰ ገበዙ አማተቡ። ፈንቴ ጣቷን ሰደደች። በጭቃው ውስጥ የጤፍ ጭዱ አለ፤ አልበሰበሰም ነበር። ይህን ጭድ የረገጡት እሷና እናቷ ይሆናሉ። ለማንም ሳታሳይ አንዲት ሰበዝ መዝዛ በጣቷ ያዘች።

«ይኼ ግድግዳ ክረምት ይጠጣል፣ በጋ ወደ ውጪ ይተፋል» አለች። «ውጪውን ደፈናችሁበት፤ ወደ ውስጥ ተፋው። ውስጥ ያለው አቡጀዲው ነው።»

ኤሌኒ ጎንበስ ብላ በእጇ ነካችው፤ ፎቶ አነሣች። ከዚያ ካሳሁንን አየችው።

«በወቅቱ የነበረው የሥራ ዝርዝር በሚመለከተው አካል ጸድቆ…» ብሎ ጀመረ።

«በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» አለች ፈንቴ። የእድሩ ዳኛ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ኤሌኒ አልሳቀችም። «እናቴ፣ ይህን ያኔም ያውቁ ነበር?»

«ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠጣሁት።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገሩም?»

ለዚህ ፈንቴ መልስ ነበራት። ሦስት ዓመት በለቅሶ ቤት፣ በገበያ፣ በማኅበር ስትለው ኖራለች፤ «ማን ጠየቀኝ?» የሚል መልስ ነው። ሰሚው ሁሉ ራሱን ይነቀንቅላት ነበር። አሁንም «ማን…» ብላ አፏን ስትከፍት ዓይኗ ከካሳሁን ዓይን ጋር ገጠመ።

ካሳሁን አንድ ቃል ቢናገር ጉዷ ይወጣ ነበር። እሱ ግን አንገቱን ደፋ።

የዚያን ዕለት ማምሻውን፣ ሴቶቹ ቀድመው ወጥተው እሷ በቅሎዋን ስትፈታ፣ ይህ ልጅ ብቻውን መጣ። ወረቀት አልያዘም ነበር፤ ጫማው በጭቃ ተለውሷል። «እማማ፣ ከልብዎ ይንገሩኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሲሚንቶው ይይዛል? እኔ ልቤ አላመነውም።» ፈንቴ በቅሎዋ ላይ ወጣች። ከላይ ሆና ቁልቁል አየችው፤ ቀን ላይ የሳቁባት ሰዎች ድምፅ ገና ከጆሮዋ አልወጣም። «የተማረ ያውቃል» አለችውና በቅሎዋን ኮረኮመች። መልሷ ደስ ብሏት ነበር። ጋሳይ እስክትደርስ ደስ ብሏት ነበር።

«ጠይቆኝ ነበር» አለች አሁን።

ውቢት ከኋላ «እቴቴ…» አለች።

«ዝም በይ። ጠይቆኝ ነበር። ብቻውን መጥቶ፣ ልጅ እናቱን እንደሚጠይቅ ጠየቀኝ። የተማረ ያውቃል ብዬው ሄድኩ። አልደረቀም የሚለውን አንድ ቃል አያቴ ለፊታውራሪ እንግዳ ለመናገር አልፈራችም፤ እኔ ለዚህ ልጅ ነፈግሁት።»

ይሻው ዶማውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ኤሌኒ ቅጿን አውጥታ፣ «ምክንያቱ ሲሚንቶው መሆኑ ከተጻፈ ግድግዳው አይፈርስም» አለች። «ሲሚንቶው ተነሥቶ፣ ምርጊቱ እስከ ጥቅምት እንዲቆይ፣ ድጎማውም ከሰኔ ሠላሳ እንዲሻገር አሳስባለሁ። ዋስትና ግን አልሰጥም። የሚፈርመውም ያኔ ሥራውን የተቆጣጠረው ሰው ነው።» ቅጹንና ብዕሩን ለካሳሁን ሰጠችው።

ካሳሁን ቁጢጥ ብሎ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «እማማ» አለ፣ ቀና ሳይል፣ «የእርስዎን ማንሣት አያስፈልግም። ‹የአሠራር ጉድለት› ብዬ እሞላዋለሁ። በቂ ነው።»

ልቧ ለአፍታ እሺ ሊል ነበር። ማንም ምንም አይላትም፤ ነገ በቅሎዋ ላይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ መንገደኛው ቆሞ ያሳልፋታል። በጣቷ የያዘቻትን ጭድ አየች። ከዚያ ሄዳ ከልጁ ፊት ቆመች።

«የአሠራር ጉድለት የሚባል ሰው የለም» አለች። «ያንተን ጻፍ። ሰኔ ሠላሳ እያጣደፈኝ፣ ልቤ ሳያምን ሲሚንቶ አለበስኩት ብለህ ጻፍ። ከሥሩ ደግሞ፣ የጉናዋ ፈንቴ ተጠይቃ፣ እያወቀች፣ በኩራት ዝም አለች ብለህ ጻፍ። ዛሬ ያ ሠዓሊ ቢመጣ እኔን በአንድ ዓይን ነው የሚሥለኝ፤ ይሣለኝ፣ መሣያ ግድግዳው ግን ይኑረው።»

ብዕሩ አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ትጠብቃለህ? ስሜን አሳምረህ ጻፈው። ከጀርባው አይደለም፣ ከፊቱ። ስትጨርስም ጮክ ብለህ አንብብልኝ።»